ቤቱን የማያሳይ ሌንስ

(ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፤ የካሜራ ዕቃ የሚያከራዩት ጋሽ ዘርጋው ሦስት ሌንሶች ጨርቅ ላይ ደርድረዋል፤ ድሮ ሥራ ያስተማሩት ፎቶ አንሺ ፍሬሰንበት ያን ሰፊ ሴንሰር ያለውን ትልቅ ዲጂታል ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይከራከራቸዋል፤ ዓይን ለዓይን ግን አያያቸውም።)

ጋሽ ዘርጋው፦ ነገሩማ ገብቶኛል። ቤት መሆኑ ይታይ፣ ምን ዓይነት ቤት መሆኑ ግን አይታይ ነው የምትለኝ። እንዲህ ያለ ሌንስ እኔ ጋ የለም። ሌላ ቦታም ሄደህ አትልፋ፣ አልተሠራም።

ፍሬሰንበት፦ ጋሼ ደግሞ ነገር ሲያከብዱ። ሰማንያ ሚሊሜትሩን ሌንስ ይስጡኝ አልኩ፣ በቃ። መቶ አስሩ ኋላውን ጭራሽ አጠፋብኝ። አርባ አምስቱ ደግሞ ያለውን ሁሉ ይዘረግፋል። ሰማንያው መሀል ነው።

ጋሽ ዘርጋው፦ መሀል ሆኖ ምን ሊፈይድልህ? ይሄ ካሜራህ እኮ እንደ ተራው አይደለም፣ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰሩ ሰፊ ነው። ሰማንያውንም የብርሃን ማስገቢያ አፉን ከከፈትክለት ኋላውን ያሟሟዋል፤ ከዘጋኸው ደግሞ የግድግዳውን ስንጥቅ አንድ በአንድ ይቆጥርልሃል።

ፍሬሰንበት፦ ግማሽ ላይ አደርገዋለሁ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ግማሽ ቤት ልታነሳ ነዋ። ለመሆኑ የሚነሳው ሰው ማን ነው?

ፍሬሰንበት፦ አንዲት እናት ናቸው። ደንበኛ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ደንበኛ?

ፍሬሰንበት፦ አዎ። ሰፈራቸው ሐሙስ ይነሳል። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል። ቤቱ ከመፍረሱ በፊት በራቸው ላይ ቆመው ፎቶ መነሳት ይፈልጋሉ፤ አዲሱ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል።

ጋሽ ዘርጋው፦ ምን ያህል ቢሆን ነው የፈለጉት?

ፍሬሰንበት፦ በሩን ያህል ነው ያሉት። ይሄን ካሜራ ያመጣሁትም ለዚያ ነው። የጎረቤት ልጅ በስልክ አንስቷቸው ነበር፤ ሲያሳድጉት ብትንትኑ ወጣ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ቅዳሜ መቶ አስሩን የወሰድከውም ለሳቸው ነበር?

ፍሬሰንበት፦ አዎ።

ጋሽ ዘርጋው፦ እስቲ አሳየኝ።

ፍሬሰንበት፦ ምን ያደርግልዎታል ጋሼ፣ አልወጣም ብያለሁ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ሌንሴ ምን እንደሠራ ልይ እንጂ። አምጣው፣ አልበላብህም። እህ... ፊታቸውማ ግሩም ነው የወጣው። ሽፋሽፍታቸው ይቆጠራል። የነጠላቸው ጥለት ትከሻቸው ላይ ጠርቶ ከትከሻቸው ኋላ ይጠፋል። ይሄ ከጀርባቸው ያለው ነጭ ጉም ምንድን ነው?

ፍሬሰንበት፦ ግድግዳው ነው።

ጋሽ ዘርጋው፦ የሚፈርስ ቤት ግድግዳ እንዲህ ይነጣል?

ፍሬሰንበት፦ ኖራ ቀብተውት ነው።

ጋሽ ዘርጋው፦ መቼ?

ፍሬሰንበት፦ ዓርብ ዕለት። ለፎቶው ብለው።

ጋሽ ዘርጋው፦ ሐሙስ ለሚፈርስ ቤት?

ፍሬሰንበት፦ ከጎረቤት መሰላል ተውሰው፣ ራሳቸው ወጥተው ቀቡት። ቀኑን ሙሉ ፈጀባቸው። ቅዳሜ ስደርስ ጣታቸውን ኖራው በልቶት ነበር፤ ነጠላቸው ውስጥ ደብቀውት ነው የተነሱት።

ጋሽ ዘርጋው፦ አንተም ጉም አደረግኸው።

ፍሬሰንበት፦ የሰው ፊት እንዲህ ነው የሚነሳ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ጋሽ ዘርጋው፦ ፊት ይቅደም አልኩ እንጂ ሰውዬውን ከቤቱ አፈናቅለው አላልኩህም። እሺ፣ ሲያዩት ምን አሉ?

ፍሬሰንበት፦ ይፈልጉት ጀመር።

ጋሽ ዘርጋው፦ ምኑን?

ፍሬሰንበት፦ ቤቱን። ካሜራውን ይዘው ወደ ብርሃን ወጡ። ዘንበል አደረጉት፣ ቀና አደረጉት። ከኋላው ያለ ይመስል ገልብጠው ሁሉ አዩት። ከዚያ «ቤቴ የት ሄደ?» አሉኝ።

ጋሽ ዘርጋው፦ አንተስ?

ፍሬሰንበት፦ ሌንሱ ነው አልኩ።

ጋሽ ዘርጋው፦ የኔ ሌንስ?

ፍሬሰንበት፦ ችግር አለበት፣ ራቅ ያለ ነገር አይዝም አልኳቸው። ምን ላድርግ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት። እሳቸውም «በል ለውጠህ ረቡዕ ና» አሉኝ። ነገ ማለት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ስምዎን በከንቱ አነሳሁ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ይቅርታው ለጊዜው ይቆየን። አንድ ነገር ልጠይቅህና እንዳትዋሸኝ። ደንበኛ ቤቴን አንሳልኝ ካለ ይነሳለታል፤ ጎጆም ይሁን ቪላ ያንሺው ጉዳይ አይደለም። ይሄ ቤት ቢታይ የሚያፍረው ማን ነው?

ፍሬሰንበት፦ ማንም አያፍርም።

ጋሽ ዘርጋው፦ ታዲያ ምን ላብ በላብ አደረገህ?

ፍሬሰንበት፦ ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ ነው።

ጋሽ ዘርጋው፦ ከመጣህ ግማሽ ሰዓት ሆነህ እኮ። ፍሬሰንበት፣ እናትህ ናቸው።

ፍሬሰንበት፦ ማን ነገረዎት?

ጋሽ ዘርጋው፦ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። የሌንሱ ቦርሳ ላይ ስልክ ቁጥሬ ተለጥፏል አይደል? ቅዳሜ አንተ እጅህን ስትታጠብ የጎረቤት ልጅ ጠርተው አስገለበጡት። ትናንት ደወሉልኝ። «ሌንስ የሚያከራዩት እርስዎ ነዎት ወይ? የፍሬሰንበት እናት ነኝ» አሉ።

ፍሬሰንበት፦ እያወቁ ነው እስካሁን የሚያስለፈልፉኝ?

ጋሽ ዘርጋው፦ ራሱ ይናገራል ብዬ ነዋ። እናቱን ደንበኛ ይላል ብዬማ መች ጠረጠርኩ። አንጀቴን ነው የቆረጥከው።

ፍሬሰንበት፦ ምን አለችዎት?

ጋሽ ዘርጋው፦ ተቆጡኝ። «ልጄ ሥራውን ያውቃል፣ ያሳፈረው ዕቃው ነው። ምነው ለልጅ የተበላሸ ዕቃ ይሰጡታል?» አሉ። እኔ ልናገር ብል ፋታ አልሰጡኝም። ያንተን ሥራ አንድ በአንድ ጠሩልኝ፤ የሠርጉን፣ የምርቃቱን፣ ጋዜጣ ላይ የወጣልህን። ጋዜጣውን ቆርጠው ፍራሻቸው ሥር አስቀምጠውታል።

ፍሬሰንበት፦ እርስዎስ ምን አሉ?

ጋሽ ዘርጋው፦ ይቅርታ ጠየቅኋቸዋ። «እውነትዎን ነው እናቴ፣ ሌንሱ ትንሽ ታሞብኛል፣ ለረቡዕ ደህናውን አዘጋጅለታለሁ» አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ጤነኛ ሌንስ በሽተኛ ነው ብዬ ማልኩልህ።

ፍሬሰንበት፦ ጋሼ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ዘርጋው፦ መሬቷን ተዋት፣ የራሷ ሥራ አላት። ከማን ነው የምትደብቀው?

ፍሬሰንበት፦ ከነሳምራዊት ቤት።

ጋሽ ዘርጋው፦ ከእጮኛህ?

ፍሬሰንበት፦ ሽማግሌ ልልክ ነው። እናቷ በሄድኩ ቁጥር «እናትህን የማናያቸው ለምንድን ነው? ፎቷቸው እንኳ የለህም ወይ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ቤታቸው የገባሁ ቀን፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሳሎናቸውን ሳይ ነው መሰለኝ፣ ያደግሁት ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው፣ የኮክ ዛፍ አለን ብዬ አረፍኩት።

ጋሽ ዘርጋው፦ የኮክ ዛፍ።

ፍሬሰንበት፦ አንዴ ካመለጠኝ ወዲያ መመለሻ አጣሁ። አምና ክረምት ከአትክልት ተራ ኮክ ገዝቼ፣ ከቤት ነው፣ እማዬ ልካላችሁ ነው ብዬ በዘንቢል አደረስኩላቸው።

ጋሽ ዘርጋው፦ ወደዱት?

ፍሬሰንበት፦ አይሳቁብኝ ጋሼ። ወደዱት። የሳምራዊት እናት ለእማዬ ብለው ማር ላኩ። ማሩን ለእማዬ ስሰጣት ከየት ነው ብትለኝ ከደንበኛ አልኳት። እዚያ ውሸት፣ እዚህ ውሸት። ሐሙስ ካለፈ ይገላግለኛል ብዬ ነበር። ቤቱ ይፈርሳል፣ እማዬ ኮንዶሚኒየም ትገባለች፣ እዚያ አስተዋውቃቸዋለሁ። የድሮው ቤትስ ቢሉኝ ፈርሷል። የኮኩ ዛፍስ ቢሉኝ ተቆርጧል። ማን ሄዶ ያያል? ጥቂት ቀን ነበር የቀረኝ። እሷ ደግሞ አዲሱ ቤት የሚሰቀል የድሮው ቤት ፎቶ አለች።

ጋሽ ዘርጋው፦ ቤቱ እንዴት ያለ ነው? እንዲያው ሳትቀንስ ሳትጨምር።

ፍሬሰንበት፦ ጭቃ ነው። በሦስት ሰው ግድግዳ መሀል የተሸጎጠ። ቆርቆሮውን ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይና የመኪና ጎማ ተጭኖበታል። በሩ ከሁለት ዓይነት ቆርቆሮ የተቀጠለ ነው። ተማሪ ሳለሁ ጓደኞቼ ሲሸኙኝ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ፋርማሲ ጋ ቆሜ፣ ቤቴ እዚህ ነው እላቸዋለሁ። እነሱ እስኪርቁ ጠብቄ ነበር ወደ ውስጥ የምገባው።

ጋሽ ዘርጋው፦ እናትህ ይሄን ያውቁ ነበር?

ፍሬሰንበት፦ አንድ ቀን ዝናብ ጣለ። ልጆቹ ፋርማሲው ጥላ ሥር አብረውኝ ቆሙ፣ አንሄድም አሉ። እማዬ ላስቲክ ይዛልኝ መጣች። ፊት ለፊት ተያየን። እኔ ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ። እሷም ምንም አላለች፣ እንደማታውቀኝ ሆና አለፈችኝ። ላስቲኩን እንደያዘች፣ ራሷ በዝናቡ እየተደበደበች።

ጋሽ ዘርጋው፦ ቤት ስትገባስ?

ፍሬሰንበት፦ ደረቅ ሸሚዝ ሰጠችኝ። «ምነው ልጆቹን እንኳ ትንሽ ሳታስጠልላቸው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም። እሷ ሳትረሳው አትቀርም። እኔ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ያ ላስቲክ ይመጣብኛል።

ጋሽ ዘርጋው፦ አልረሱትም። እናት እንዲህ ያለውን አትረሳም፣ ታልፈዋለች እንጂ።

ፍሬሰንበት፦ ይስደቡኝ ጋሼ። ዝም ከሚሉኝ ቢሰድቡኝ ይቀለኛል።

ጋሽ ዘርጋው፦ በምን አፌ? ስቱዲዮ ሳለሁ የኔ ሥራ ምን ነበር? ሸራ ላይ ፏፏቴ አስሎ፣ አውሮፕላን አስሎ፣ ከሰው ኋላ መዘርጋት። ሃያ ዓመት የሰው ቤት ስደብቅ ኖርኩ። እናቴን ያነሳኋት አንድ ፎቶ አለችኝ። ፏፏቴው ፊት ቆማለች። በዕድሜዋ ፏፏቴ አይታ አታውቅም።

ፍሬሰንበት፦ ያኔ የሁሉም ሰው ፎቶ እንዲያ ነበር እኮ።

ጋሽ ዘርጋው፦ የሁሉም ስለሆነ እኔን አያድነኝም። ባለፈው የልጅ ልጄ ፎቶውን ይዛ «አያትህ ቤት ውኃ ነበረው?» አለችኝ፤ የእኔ እናት መሆኗ እንኳ ተደበላልቆባታል። ቤቱን በአፌ ልነግራት ጀመርኩ። በሩን ነገርኳት፣ መደቡን ነገርኳት። መስኮቱ በየት በኩል እንደነበር ግን ጠፋኝ። የተወለድኩበት ቤት መስኮት። ደግሞ የማን ጥፋት ነው ልበል? ሸራውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

ፍሬሰንበት፦ ይሄን ነግረውኝ አያውቁም።

ጋሽ ዘርጋው፦ ምን ደስ ይላል ብዬ ልንገርህ። እናትህ ሌላም ነገር ብለውኝ ነበር። አልነግረውም ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ፍሬሰንበት፦ ምን አለች?

ጋሽ ዘርጋው፦ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ «ይቆዩ» አሉኝ። «የሚሰጡት ሌንስ ሁለታችንን የማይዝ ከሆነ፣ አደራዎን፣ እኔን ይተወኝና ቤቱን ብቻ ያንሳው ይበሉልኝ። እኔ ምኔ ይታያል። ልጄን ያሳደግሁበት ነው» አሉ።

ፍሬሰንበት፦ እንዲህ አለች?

ጋሽ ዘርጋው፦ እንዲሁ ነው ያሉት።

ፍሬሰንበት፦ ይቆዩ ጋሼ። ትንሽ ይቆዩኝ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ተቀመጥ። ካሜራውን ስጠኝ፣ እንባ አይወድም። ሶፍቱ መሳቢያው ውስጥ አለ።

ፍሬሰንበት፦ አርባ አምስቱን ይስጡኝ።

ጋሽ ዘርጋው፦ እሱ ማንንም አይደብቅልህም። ቤቱ የተሸጎጠ ነው ካልክ ደጃፉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ነው ከሳቸው የምትርቀው። አፉን ዘጋ አድርገህ ካነሳህበት ድንጋዩም ጎማውም ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ፍሬሰንበት፦ ይውጣ። ኖራውም ይውጣ፣ ጣቷም ይውጣ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ለሳምራዊት እናትስ የቱን ልታሳይ ነው?

ፍሬሰንበት፦ ያንኑ ነው። መጀመሪያ ለራሷ ለሳምራዊት እነግራታለሁ። ኮኩን ምን ብዬ እንደምናገር እንጃ። ከቤታቸው ቢያስወጡኝም አልፈርድባቸውም።

ጋሽ ዘርጋው፦ እናትህስ? እሳቸው አሁንም ጥፋቱ የዕቃው ነው ብለው እንዳመኑ ናቸው።

ፍሬሰንበት፦ እሱን እርስዎ ይወጡልኝ። ለወጥኩለት ይበሏትና በዚያው ያልቃል። ነገ ጥሩ አድርጌ አነሳታለሁ፣ ደስ ይላታል፣ ሌላውን ምን ልታደርገው?

ጋሽ ዘርጋው፦ አንዴ ዋሽቼልሃለሁ፣ ሁለተኛ አልችልም። ቁጥራቸው እዚህ ስልኬ ላይ አለ። እየጠራ ነው፣ እንካ።

ፍሬሰንበት፦ ኧረ ጋሼ ይተዉ፣ ምን ብዬ ነው የማወራት... ሄሎ? እማዬ፣ ፍሬ ነኝ። ደህና ነኝ፣ አዎ በልቻለሁ። አይ፣ አላለቀስኩም። እማዬ ስሚኝ፤ ሌንሱ ምንም አልሆነም ነበር፣ በአንቺ አፍሬ ነው።