ምልክቱ ባልነበረበት ኩርባ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ብርዱን ችላችሁ የቆማችሁ ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ፣ የመንገድ ጥገና ጓዶቼ፤ ፈጣሪ ያጽናችሁ።

ተናገር አሉኝ። እኔ ውርጭ የያዘ መንገድ ላይ አሸዋ የምበትን ሹፌር ነኝ፤ ንግግር የት አውቄ! እውነቱን ልንገራችሁ? ግራ ገብቶኛል። ሐዘኑስ ሐዘን ነው፣ ሲያለቅሱት ይወጣል። ግራ መጋባትን ግን በምን ያለቅሱታል? እዚህ የቆምኩት ላስረዳችሁ አይደለም። አብራችሁኝ እንድታስቡ ነው።

ስሙን የምትጠሩት እናንተ ቤተሰቦቹ ናችሁ። እኛ አባ ቀስ ነበር የምንለው። ሹፌር ሲያይ “ቀስ!” ልጁ ደረጃ ስትወርድ “ቀስ!” አለቃችን ሻይ ፉት ሊሉ ሲሉ እንኳ “ቀስ፣ ይፋጃል!” ይል ነበር። ሰውየው ራሱ ደግሞ አንድ ቀን ቀስ ብሎ ሲሄድ አላየሁትም፤ ሁሌ እንደሮጠ ነው።

ከድልድዩ በላይ ያለችውን ኩርባ ታውቋታላችሁ። ተራራው ፀሐይዋን ይከልልባታል። ሌላው መንገድ ሲደርቅ እሷ ውርጭ ይዛ ትቆያለች። ውርጩ ደግሞ አይታይም፤ አስፋልቱ ረጠብ ያለ ብቻ ይመስላል። እዚያ ማን ማን እንዳለቀ አልነግራችሁም። ከመሃላችሁ የቀበራችሁ አላችሁ።

እዚያች ቦታ “መንገዱ ያንሸራትታል” የሚል ምልክት ነበረን። እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ ተክለነው ክረምት ከበጋ ይቆማል። በጠራራ ፀሐይ፣ አቧራ ለብሶ፣ “ያንሸራትታል” ይላል! ማን ይሰማዋል? ሹፌሩ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፋል። አባ ቀስ አንድ ቀን መጣና ነቀለው። ነቀለው ስላችሁ!

“ምን ነካህ?” አልኩት።

“ይሄ ውሸታም ነው” አለኝ። “ሲዋሽ ከርሞ አንድ ቀን እውነቱን ቢናገር ማን ያምነዋል?”

ከዚያ ወዲህ ሥራው ይኸው ሆነ። ጎህ ሲቀድ እንወጣለን። መኪናዬን ያስቆመኛል፣ ይወርዳል፣ አስፋልቱ ላይ በጫማው ወዲያ ወዲህ ይላል። ካንሸራተተው ምልክቱን ያቆማል። ሲደርቅ ያነሳዋል። በየቀኑ! አንድ ጠዋት እግሩ ከዳውና በጀርባው ተዘረረ። ደንግጠን ስንሮጥ፣ ሰውየው እንደተጋደመ ምን ቢል ጥሩ ነው? “ምን ታዩኛላችሁ፣ ምልክቱን አምጡ!”

ምልክቱ ብረት ነው፤ ወገብ ይቆርጣል። ሳቅንበት። “ሚስትህንስ እንዲህ ተሸክመሃት ታውቃለህ?” አልነው። “እሷ ዋሽታ ስለማታውቅ ከቦታዋ አላነሳትም” አለን። አለቃችንም፣ ይቅር ይበሉኝና እዚሁ ቆመዋል፣ “ተክለኸው አትቀመጥም? ምን አለፋህ?” ብለው ተቆጡት። እሱ እምቢ አለ። በዓይኔ ያየሁትን ልመስክር፤ ሹፌሮቹ ምልክቱን ማየት ጀመሩ። ከቆመ ዛሬ እውነት ነው ብለው ፍጥነት ይቀንሱ ነበር።

ታዲያ ከትናንት ወዲያ ምን ሆነ?

ከሰዓት በኋላ ነው። መንገዱ ደርቋል። ምልክቱን አንስቶ እኔ መኪና ላይ ጫነውና ቁልቁል ጀመርን። ድንገት ካፊያ ጣለ፤ ንፋሱ ተለወጠ። እጁን በመስኮት አወጣና “ኧረ ኩርባዋ ውርጭ ልትይዝ ነው!” አለኝ። መኪናዋ የምትዞረው ደግሞ ታች ድልድዩ ጋ ብቻ ነው። “አንተ ዞረህ ና፤ እኔ በእግሬ ቀድሜህ እደርሳለሁ” አለ። መኪና የሚያስቆምበትን ቀይ ጨርቁን ይዞ ወረደ፤ ሽቅብ ሮጠ። እኔ ዞሬ፣ ምልክቱን እንደጫንኩ ስደርስ፣ እሱ መንገዱ ዳር ተኝቷል።

የገጨው ሹፌር እዚህ አለ። አዎ፣ ከኋላ፣ ዛፉ ሥር። እባካችሁ ዞራችሁ አትዩት። ፖሊስ ቃሉን ተቀብሎ ለቆታል፤ እዚህ የመጣው በእግሩ ነው። “ምልክት ቢሆን ኖሮ እግሬን ከነዳጁ ላይ አንስቼ አልፍ ነበር” አለኝ። “ሰው ሳይ ጊዜ ደነገጥኩ፤ ፍሬኑን ረገጥኩት።” ውርጭ ላይ ፍሬን ሲረገጥ ምን እንደሚሆን የምታሽከረክሩ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ መሪው ጌጥ ነው።

ከኋላው ደግሞ ሰው ጢም ያለበት ሚኒባስ ይመጣ ነበር። አደጋውን ከሩቅ አይቶ ቆመ። ሁሉም በሰላም ቤታቸው ገቡ።

እንግዲህ ፍረዱ! ማነው የገደለው? ፍሬኑ? ካፊያው? ምልክቱን ማንሳቱ? እንደ ሰው ተክሎት ቢተወው ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር? ወይስ ያን የተተከለ ምልክት ማንም ሳያየው፣ ሚኒባሱ ከነሰው ገደል ይገባ ነበር? እኔ እንጃ። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

ባለቤቱ ትናንት “ወንድሜ፣ ለመሆኑ ማንን አዳነ?” አለችኝ። ምን ልበላት? የሞተ ይቆጠራል። ያልሞተን ማን ቆጥሮት ያውቃል? ክላክሱን እያንባረቀ “ዞር በል አንተ!” ብሎ የሰደበው ሁሉ አሁን ምሳውን እየበላ ይሆናል። ለምን በሕይወት እንዳለ አያውቅም። ቢያውቅማ እዚህ መቆሚያ ባልነበረን።

አሁን ደግሞ መሥሪያ ቤታችን ፎቶውና ስሙ ያለበት፣ “መንገዱ ያንሸራትታል” የሚል ትልቅ ምልክት በሲሚንቶ ሊተክልለት አስቧል። ደግ ሐሳብ ነው፤ ስሰማ አለቀስኩ። ቆይቼ ግን ደነገጥኩ። በደረቅ መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዚህ ሰው ፊት ሊዋሽ ነው? አለቃዬ፣ እባክዎ አይትከሉት! ወይስ ይትከሉት፣ ሌላ ሰው ሮጦ እንዳይሞት? ይኸው፣ እዚህም ጠፋብኝ። ባለቤቱን ጠየቅኳት። “ለማስታወሻ ምልክት አያስፈልገኝም” አለች። “ይልቅ መንገዱን ረግጦ የሚያይ ሰው ፈልጉ።”

ያ ሹፌር ዛሬ ጠዋት ቤቴ መጥቶ ነበር። “ነገ ምልክቱን ማን ያወጣዋል?” አለኝ። በሩን ዘጋሁበት። ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም፣ አሁንም ያንገበግበኛል። ግን በሁላችሁ ፊት ልመልስለት። አንተ፣ ዛፉ ሥር ያለኸው! ጎህ ሲቀድ ድልድዩ ጋ ጠብቀኝ። ብረቱ ከባድ ነው፤ ለሁለት እንይዘዋለን። ይቅርታ ይሁን ቅጣት እኔም አላውቅም። ብቻ ና።

ወንድሜ፣ ትክክል ነበርክ? ተሳስተህ ነበር? አልገባኝም። ሳይገባኝ ልቀብርህ ነው፤ ሳይገባኝም ነገ እወጣለሁ። ልጅህን አደራ ብለኸኝ ባትሄድም አደራዬ ናት። ደህና ሁን። እስከ ዛሬ ሌላው በደህና እንዲያልፍ አንተ ቆምክ። ዛሬ እኛ ቆመናል፤ አንተ እለፍ።