የማይንጣጣ ከሰል

በደርግ ጊዜ ነው። ከመተማ ወደ ሸሕዲ በጭነት መኪና ላይ ስንጓዝ፣ አጠገቤ አንዲት እናትና አንድ ሽማግሌ የየራሳቸውን የከሰል ጆንያ ደገፍ ብለው ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ እርስዎ ከሰል የሚያውቁ ይመስላሉ። ይህ የገዛሁት ይንጣጣ ይሆን?»

ሽማግሌው ከጆንያዋ አንድ ጉማጅ አውጥተው በጥፍራቸው መቱት።

«ዝናብ ነክቶታል ልጄ። ይንጣጣል።»

«ወይኔ! ጓሮ ላይ ለልጄ ሥጋ ልጠብስበት ነበር።»

«ቢንጣጣስ? ሥጋው እንደሆን መብሰሉ አይቀርም።»

«ልጄ ከጦር ሜዳ ከመጣ ወዲህ ድምፁን አይችልም። ባለፈው ከሰሉ ጧ ሲል በደረቱ መሬት ላይ ተኛ። እኔንም ጎትቶ ጣለኝ። ከዚያ ወዲህ እሳት ዳር አይቀርብም።»

«እንግዲያ የኔን ውሰጂ። የግራር ነው፤ በደንብ ደርቋል፤ ድምፅ የለውም።»

«እርስዎስ?»

«ያንችን ይዤ እገባለሁ። እኔ ቤት የሚደነግጥ የለም።»

«ልጅ የለዎትም?»

«ሁለት ነበሩኝ። ዘመቻ አብረው ሄዱ፤ አንዱም አልተመለሰ።»

ሴትዮዋ ጆንያውን ትታ የሽማግሌውን እጅ ያዘች።

እኔ ሸሕዲ እስክንገባ ድረስ ወደነሱ ዞሬ ማየት አልቻልኩም።