ሶር ዳር የተተከለው ብረት

ከመቱ ወደ ኖፓ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት የቢሮ ኃላፊና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ስለ ሠራተኞቿ ታማርራለች።

«ጋሼ፣ ላያቸው ላይ ካልቆምኩ አይሠሩም።»

«እኔም እንደነሱ ነበርኩ፣ ልጄ።»

«ምን ነበር ሥራዎት?»

«አሁንም እሠራዋለሁ። ሶር ወንዝ ዳር ቁጥር ያለበት ብረት ተክለዋል። ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ጠዋትና ማታ አይቼ እጽፋለሁ።»

«ቀላል ነው።»

«ቀላል ነው። ዝናብ ሲሆን ግን ቁልቁለቱ ጭቃ ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ የትናንቱን ቁጥር እደግመው ነበር።»

«አልታወቀብዎትም?»

«ኤዬ፣ አለቃዬ አወቀ። በእኔ ደብተር ሶር ክረምቱን ሙሉ አንዲት ጣት ሳይጨምር ከረመ።»

«አባረረዎት?»

«‹ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለምን እንደሚጽፉ አልነገርኩዎትም› አለኝ። ለካ ወንዙ ላይ ድልድይ ሊሠሩ ኖሯል። ከፍታው የሚወሰነው እኔ በምጽፈው ቁጥር ነው። የልጅ ልጆቼ ተማሪ ቤት የሚሄዱት ያንን ወንዝ ተሻግረው ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ዝናብ ሲጥል ነው ፈጥኜ የምወርደው። አንቺ ሠራተኞችሽን ምን ታሠሪያቸዋለሽ?»

«የባለጉዳዩን ሁሉ ስምና ቀበሌ ያስሞላሉ።»

«ለምን?»

«እሱን ለእኔም ከላይ የነገረኝ የለም።»

እኔም አለቃዬ «ዝም ብለህ ኖፓ አድርስ» ብሎ የሰጠኝን እሽግ ፖስታ ከጉልበቴ ላይ አንስቼ ግራና ቀኙን አገላብጬ አየሁት።