የኦቦ መርዳሳ ጉድጓድና «አላውቅም» ባዩ መምህር

ኦቦ መርዳሳ ከአዳማ ባቡር ጣቢያ ጨው ገዝተው ሲመለሱ፣ ኮት የለበሰ ወጣት በገዛ ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ውሃ በጠርሙስ ሲቀዳ አገኙት። ሙሉብርሃን ነው፤ ፈረንሳይ አገር ምህንድስና ተምሮ የተመለሰ፣ ከጣቢያው ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ቤት ስምንት ተማሪዎች ሰብስቦ በግሉ ከፍተኛ የሳይንስ ትምህርት ቤት የከፈተ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ መርዳሳ» ሲል በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አላቸው ቀና ብሎ። «ሳላስፈቅድ በመድፈሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ውሃ ማን ይከለክላል? ለመሆኑ እዚያ ቤት የምታስተምረው ምንድን ነው?»

«የማላውቀውን ነው፣ ጌታዬ።»

ኦቦ መርዳሳ ግራ ገባቸው። ቄሱም ሼኩም የሚያስተምሩት የሚያውቁትን ነው።

«ካላወቅህ ተማሪዎቹ ከማን ይማራሉ?»

«አብረን እየጠየቅን፣ እየቆጠርን፣ እየመዘንን ነው። አሁን የያዝነው የልጆችን ጥርስ ምን እንደሚያበልዘው ነው።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። ልጃቸው ሎሚ ታጭታ ነበር። አምና መጥተው እዚሁ ሰፈር የተቀመጡት የሙሽራው ወገኖች ግን የበለዘ ጥርሷን አይተው «ዘራቸው እንከን አለበት» ብለው እጮኝነቱን አፈረሱ። ከዚያ ወዲህ ሎሚ ስትናገር እንኳ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

«ከዘር የመጣ ነገር ምን ይጠየቃል?» አሉ በቁጣ።

«የታላቋ ልጅዎ የደራርቱ ጥርስስ?»

«ነጭ ነው።»

«የማንን ውሃ ጠጥታ አደገች?»

«የአዋሽን። ይህን ያስቆፈርሁት እሷን ከዳርሁ በኋላ፣ ሎሚ በተወለደች ዓመት ነው። ሴቶቹ ከመንገድ ይረፉ ብዬ።»

«ተማሪዎቼ የመቶ አርባ ልጆችን አፍ አይተዋል። ከዚህ እየጠጡ ያደጉት ኦሮሞ፣ አማራ፣ ጉራጌ ሳይል በልዞባቸዋል። የአዋሽ ጠጪዎቹ ደህና ናቸው። ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ገና አላውቅም፤ ዘር አለመሆኑን ግን አወቅሁ።»

ኦቦ መርዳሳ ይደሰቱ ወይስ ይዘኑ ጠፋቸው። ዘራቸው ከነቀፋ ዳነ፤ ጥፋቱ ግን ሲመረቁበት ከኖሩት ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቻችን «አላውቅም» ማለትን ነውር አድርገን አድገናል። ያን ቀን ግን አንዲትን ልጅ ከሐሜት ያወጣት ይኸው ቃል ነው። ሽማግሌው የልጆቹ መጠጥ ከአዋሽ በአህያ እንዲመጣ፣ ጉድጓዱም ለልብስ አጠባ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። አጠገቡ ያለውን መሬትም ለትምህርት ቤቱ ሰጡ።

ማታውን ለሎሚ ሁሉን ነገሯት።

«እንግዲህ ጥርሴ ይነጻል?»

«አይነጻም፣ ልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የምወልዳቸውስ?»

«የእነሱ ነጭ ይሆናል።»

ሎሚ ነጠላውን ከአፏ አወረደች።

«እንግዲያው ነገ ሄደው ለእነዚያ ሰዎች ይንገሯቸው» አለች። «መልሰው እንዲያጩኝ አይደለም። እነሱም እስከ ዛሬ ሕፃናታቸውን የሚያጠጡት ከዚሁ ጉድጓድ ነው።»