በስፖንጅ የተኛው ቢላዋ
ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ከኢንተርኔት ሱቅ የገዛው የጌጥ ቢላዋ እንዴት ታሽጎ እንደ ደረሰው በፎቶ ላከልኝ፤ ስለቱ ዘይት በጠጣ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ጫፉ በቡሽ ተሸፍኖ፣ በስፖንጅ መሀል ተጋድሟል። እጀታው ላይ የግራናው ቀጥቃጭ የጋሽ ሰይድ ምልክት ስላለ፣ ደስ ይበላቸው ብዬ ስልኬን ይዤላቸው ሄድሁ።

«ሕፃን እንኳ እንዲህ አይታቀፍም» አሉ፣ ስልኩን ተቀብለው እያዩ።

ወዲያው አንዲት ሴት ያሠራችውን ቢላዋ ልትወስድ መጣች። ሊያቀብሏት ሲዘረጉ ሸሸት አለች፤ «ከእጅህ አልቀበልም፤ መሬት ላይ አስቀምጠው።» አስቀመጡላት።

«የላኩት ሰዎች የእኔ ሥራ መሆኑን ቢያውቁ እንዲህ ያቅፉት ነበር?» አሉኝ።

«እዚያ ቡዳ የሚሉት ነገር የለም፣ ጋሼ» አልኋቸው።

«እንግዲያ ቢላዋው ተገላገለ» አሉ። ስልኬን ለመቀበል እጄን ብዘረጋ፣ እሳቸው መሬት ላይ አስቀመጡልኝ።