ፎጣ የለበሰው መስታወት

ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ ጎፈሬ ራሱ መላጣ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። እሱም፣ ሰው ሲያበሽቅ የሚውል ሰው ሲያበሽቁት ቢቆጣ ነውር ነው ብሎ፣ ስሙን ወዶ ይኖራል። ከጠዋት እስከ ማታ አፉ አያርፍም፤ ከዳኛ ጋር ስለ ሕግ፣ ከሾፌር ጋር ስለ ጎማ፣ ከሙሽራ ጋር ስለ ትዳር ያወራል። እንዲህ ያለ ሰው አንዲት የስልክ ጥሪ ታቅተዋለች ቢሉት ማን ያምናል?

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የእህቱ ልጅ፣ መምህርቷ፣ በአጋጣሚ በሚመስል ሁኔታ ከሱቁ አጠገብ ካለው ማተሚያ ቤት ጀርባ፣ በጠባቡ መተላለፊያ አገኘችው። ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። ወዲያው ስልኩን እንደ ጋለ ብረት ከጆሮው አላቀቀና ዘጋው።

«ጋሼ፣ ደህና አረፈዱ?»

ጋሽ ጎፈሬ ክው አለ። «አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?»

«ከትምህርት ቤት። ማተሚያ ቤት ጉዳይ ነበረኝ።»

«በጓሮ በኩል?»

«በዚህ በኩል ያጥራል።»

ዐይኑን አጠበበ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ጸሎት ይዞታል። ባለቤቱ ሰሞኑን አኩርፋለች፤ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ሆኗል፣ ስልኩንም የት እንዳስቀመጠው በዐይኗ ትከተላለች። ይህቺን ልጅ የላከቻት እሷ ትሆን? ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ስልኩ እጁ ውስጥ ጮኸ። ደነገጠና ጣለው። መምህርቷ ጎንበስ ብላ አነሳችለት።

«እዚህ ላይ ‹ክ› ይላል። አያነሱትም?»

«ተሳስቶ የደወለ ሰው ነው።»

«የተሳሳተ ሰው ቁጥር ይመዘገባል እንዴ?»

ስልኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ቶሎ ብሎ ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ግን አይታዋለች።

«ብርድ ነው» አለ።

«ፀሐዩ እኮ አናት ይበሳል፣ ጋሼ።»

ቀጥሎ የመጣው ቃል ሲሾልክበት ለራሱም ገረመው። «ፈርቻለሁ ልጄ» አለ። «ከክረምቱ ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ከመቀሱ ጋር እንደምንም እንቻቻላለን፤ ምላጩን ነው የምፈራው። ባለፈው የዳኛውን ጉሮሮ ስላጭ እጄ ከዳኝ። ያሳለኝ አስመስዬ አለፍኩት። ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ጥበቃው በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳየኝ፦ ቀጠሮ በስልክ ብቻ።»

«ታዲያ ይደውሉ።»

«ስደውል ነው የምውለው። መጀመሪያ አንድ ማሽን ‹ንግግርዎ ይቀዳል› ይለኛል። እኔ ምን ሠርቼ ነው የምቀዳው? እሱን ባልፍ አንዲት ሴት ታነሳለች። ያን ጊዜ ምላሴ ይተሳሰራል፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ እዘጋዋለሁ። ደግሞ መልሰው ይደውሉልኛል። ሰው ዘግቶባቸው ለምን ይደውላሉ? ምን ፈልገው ነው?»

«ምን ትለኛለች ብለው ነው የሚፈሩት?»

«አላውቃትማ። ጉዱ እሱ ላይ ነው። ይህቺ ሴት አባት አላት፣ ወንድም አላት፣ ባልም አይጠፋትም። ሁሉም ፀጉር አላቸው። ማታ ራት ላይ ‹ጎፈሬ እጁ ይንቀጠቀጣል› ትላለች፤ ጠዋት ደንበኞቼ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ተሰልፈው ይታያሉ። ሰው ጉሮሮውን ለሚንቀጠቀጥ እጅ አይሰጥም። እኔም ብሆን አልሰጥም።»

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሰው አትሳቅበት። ስንቱ ደፋር ነው ጥርሱን ይዞ ሲያቃስት ከርሞ፣ አንዲት ቁጥር መጫን ተስኖት «ነገ እደውላለሁ» የሚለው? የሚፈራው በሽታውን ብቻ አይደለም። የማያየው ሰው ፊት በሽታውን በቃል ማውጣትንም ነው የሚፈራው።

«አንቺ ደውዪልኝ» አላት።

«እደውላለሁ፣ ችግር የለውም። ግን ‹እጁ የሚንቀጠቀጠው ዕቃ ሲይዝ ነው ወይስ ሲያርፍ? እንቅልፉስ እንዴት ነው?› ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ነገ ውጤቱን ሊነግሩዎ ሲደውሉስ እኔን ከክፍል ሊያስጠሩኝ ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?»

«በሽታውን የተናገረም ደንበኛ የለውም።»

መምህርቷ ትንሽ አሰበች። «አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እንዳይቆጡኝ። በዚህ በኩል ያጥራል ያልኩት ውሸት ነው።»

«አውቄዋለሁ» አለ ጋሽ ጎፈሬ። ልክ መሆኑ ከጭንቀቱ መሀል ትንሽ ደስ አሰኘው።

«እትዬ ናቸው የላኩኝ። ስልክዎ ላይ ‹ክ› ሲደጋገም አዩና ደወሉ። ሴት አነሳች። ‹ባሌ ምንሽ ነው?› አሏት። ‹ይህ ክሊኒክ ነው› አለቻቸው። እትዬም ስምዎን፣ ሥራዎን፣ እስከ ሱቅዎ አድራሻ ድረስ ዘርዝረው ‹ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው የሚደውለው?› ብለው ያዟት። ‹ማን እንደደወለ ለማንም አንናገርም› አለች። ‹ሚስቱ ነኝ› ቢሏት ‹ለሚስትም ለእናትም አንናገርም› አለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰደቧት። ሰደቧት ማለት ማሳነስ ነው። ልጅቷ ግን ቃል አልወጣትም። እትዬ ታዲያ ‹እንዲህ የምትደብቅለት ውሽማው ብትሆን ነው› ብለው፣ ይኸው እንቅልፍ የላቸውም።»

ጋሽ ጎፈሬ የእጁን ነገር ረሳው። «የእኔን ሚስት ስድብ ቻለች?»

«ቻለች።»

«ኧረ ተይ።» ከዚያ ደግሞ ጥርጣሬው አገረሸበት። «እንዴት ትናገር? እኔ እንደሆንኩ ምን አውቃ?»

«እትዬ ሁሉን ነገሯት እኮ። ስምዎን ካወቀች፣ ሱቅዎን ካወቀች ሳምንት አለፋት። የሚፈሩት ነገር ግማሹ እጇ ላይ ነው። እስቲ ይንገሩኝ፣ ከመንገዱ ማዶ የተሰለፈ ሰው አለ? ዳኛው ዛሬ አልተላጩም?»

«ተላጭተዋል።»

«አባቷና ወንድሟስ?»

ጋሽ ጎፈሬ መላጣውን ዳበሰ። «ማሽኑስ? የሚቀዳውስ?»

«ይጠይቋት። ‹ለምን ይቀዳል፣ ማን ይሰማዋል?› ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። መጠርጠር ክፋት የለውም፣ ጋሼ። ክፉው ነገር ጠርጥሮ ሳይጠይቁ መቅረት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። ሲጠረጥር ሕመሙ የበረታበትስ ምን ይባላል?»

ጋሽ ጎፈሬ ግን እጁን በቀላሉ የሚሰጥ ሰው አይደለም። «እሺ፣ ሴትዮዋን ልመን። ምላሴንስ ምን ላድርገው?»

«ሱቅ ውስጥ እንዴት ነው የሚያወሩት?»

«በመስታወት ነዋ። ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል፣ ፊቱን በመስታወት አያለሁ። ሲሰለቸው አውቃለሁ፣ ወሬ እለውጣለሁ። ስልክ መስታወት የለውም።»

መምህርቷ ፈገግ አለችና ክንዱን ይዛ ወደ ሱቁ ወሰደችው።

የምሳ ሰዓት ስለነበር በሩን ዘጉ። መምህርቷ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠችና በመስታወቱ አየችው። «ክሊኒክ ነው፣ ምን እንርዳዎ?» ጋሽ ጎፈሬ እንደ ልማዱ ከኋላዋ ቆሞ ሁሉንም አወራላት፤ እጁን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ሳያውቀው መክሳቱን። ቃል አልጎደለውም። ያኔ ተነስታ ንጹሕ ፎጣ ከመደርደሪያው ሳበችና መስታወቱን አለበሰችው።

«ክሊኒክ ነው፣ ምን እንርዳዎ?»

«እኔ… ማለቴ… እጄ…» አለና ቆመ።

«አሁን ፊቴ ምን ዓይነት ይመስልዎታል?»

«የምትስቂብኝ ይመስለኛል።»

ፎጣውን ገለጥ አደረገችው። እየሳቀች አልነበረም። እንዲያውም እንባዋ ቀርቦ ነበር፤ አጎቷን ትወደዋለች። «አዩ? ፎጣው ሲሸፍነው ፊቴ አይለወጥም። የሚስቀውን ፊት የሚሥሉት እርስዎ ነዎት። እኔም ለተማሪ ወላጅ ከመደወሌ በፊት የመምህራኑን ክፍል እዞረዋለሁ፤ ከዚያ ግን የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር አዘጋጅቼ እደውላለሁ። ቀጣዩ ራሱ ይመጣል። ካልሰሙ ‹ይድገሙልኝ› ይበሉ፣ ከጠፋብዎ ‹ትንሽ ይታገሱኝ› ይበሉ። በስልክ ዝም ያለ ሰው ታስሮ አያውቅም።»

ደጋገሙት። በየዙሩ ፎጣው መስታወቱን ይበልጥ እየሸፈነ፣ ንግግሩም እየረዘመ ሄደ። በመጨረሻም ስልኩን አወጣና ፎጣውን እያየ ደወለ።

ማሽኑ «ንግግርዎ ይቀዳል» አለ። አውራ ጣቱ ወደ መዝጊያው ሄደ። መምህርቷ አየችው፣ አልነካችውም። ጣቱ እዚያው ቆየ።

«ክሊኒክ ነው፣ ምን እንርዳዎ?»

«ስልክ ላይ… ስልክ ላይ እደነግጣለሁ። ቀስ ብለው ይጠይቁኝ።»

«እሺ ጌታዬ፣ አልቸኩልም። ብዙ ሰው እንደዚያ ይለኛል።»

«ብዙ ሰው?»

«ብዙ ሰው።»

ትከሻው ትንሽ ወረደ። «በቅድሚያ ይህን የሚቀዳውን ማን ይሰማዋል?»

«የምንመዘግበው ላይ ስህተት ከተገኘ ለማጣራት ኃላፊያችን ብቻ። ለሌላ ሰው አይሰጥም።»

ከዚያ እጁን ነገራት። በመጨረሻ ስሙን ጠየቀችው፤ ስሙንና ሥራውን ተናገረ። ከወዲያ በኩል ጸጥታ ሆነ። አውቃዋለች። የሚስቱ ስድብ በሙሉ አሁን ጆሮዋ ላይ እየጮኸ ነው፤ ይኸው አሁን ልትናገረው ነው።

«ሐሙስ ጠዋት ይመችዎታል?» አለችው ሴትዮዋ።

ሌላ አንድም ቃል አልጨመረችም። ጋሽ ጎፈሬ «ይመቸኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ስልኩን ሲዘጋ የደንበኛው ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠ።

ሐሙስ ሐኪሙ አንገቱን ዳሰሰ፣ ደም አስቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ አንገቱ ላይ ያለች ዕጢ ከልክ በላይ እንደምትሠራና እጁን የምታንቀጠቅጠው፣ ልቡን የምታስሮጠው፣ እንቅልፉን የምትነሳው እሷ መሆኗን ነገረው። «መድኃኒት አለው። ብዙ ቢቆዩ ግን ልብዎን ይጎዳው ነበር» አለው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ ዋጠ፣ ለክትትልም ራሱ እየደወለ ቀጠሮ ያዘ። ውሎ አድሮ እጁ ረጋ። እስኪረጋ ድረስ ምላጭ አልጨበጠም፤ ለጠየቀው ሁሉ «ሐኪም ከልክሎኛል» አለ። ዳኛው «እኔም ለወገቤ መደወል ነበረብኝ» አሉ እንጂ ከመንገዱ ማዶ አልሄዱም። ልብ ያለው ልብ ይበል፤ አንዲት ጥሪ እጁን መለሰች፣ ልቡን አዳነች፣ ትዳሩንም አስታረቀች።

ትዳሩ የታረቀው በደወለበት ማታ ነው። ለባለቤቱ ሁሉን ሲነግራት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰማችው። መጀመሪያ እጁን ያዘች፣ ቀጥላ «ለእኔ እንኳ?» አለችና አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ነው ትዝ ያላት።

«እና ያቺ የሰደብኳት ልጅ…»

«አዎ፣ ያቺ ልጅ።»

ይቅርታ መጠየቅ እንዳለባት ታውቃለች። ዛሬ ነገ ስትል ግን ሰነበተች። ቁጥሩን ታወጣለች፣ ታየዋለች፣ ድስት ጥዳ እንደረሳች ሰው ብድግ ትላለች። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ስልኩን ይዛ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«ልደውል ብዬ ነበር» አለችው። «አሁን ደህና ድምፅ ሰጥታኝ በልቧ ብትስቅብኝስ? ደግሞ እኮ ይቀዳል። የዚያን ቀኑም ተቀድቷል ማለት ነው።»

ጋሽ ጎፈሬ አልሳቀባትም። በሩን ዘጋ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት፣ ንጹሕ ፎጣ ከመደርደሪያው አወጣና መስታወቱን አለበሰው። ከዚያ ከኋላዋ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክሊኒክ ነው፣ ምን እንርዳዎ?»