ያልያዘው ሽፋን

እንግዲህ ወንበር ያላችሁ ተቀመጡ፤ የሌላችሁ ኮሚቴ እስኪቋቋምላችሁ ቁሙ።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው እትዬ እዚህ ላብራቶሪ የገቡ ዕለት ያደረጉትን የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ዛሬም እየማለ ያወራል። ጠረጴዛው ላይ ሠላሳ ሳህን ተደርድሯል፤ ላያቸው ላይ ስስ ጭጋግ ብጤ አለ። «ይሄ ሁሉ ዶክተር ተሰብስቦ ሳህን የሚያጥብ ይጥፋ?» ብለው በሳሙና ፈተጉልን። ያ ጭጋግ የሦስት ሳምንት የፕሮቲን ሽፋን ነበር!

ለእንግዶች ልንገራችሁ፤ ሕዋስ ኩሩ ነው፤ ባዶ ብረት ላይ አይቀመጥም። የተሰበረ አጥንት የሚይዘውን ብሎን ፕሮቲን ስትቀቡለት ግን ዘመድ ቤት የገባ ይመስለዋል፤ ይጣበቃል፣ ይራባል። «ያጠበ ይቀባል» ተብሎ ከዚያን ቀን ወዲህ ቀቢዋ እትዬ ናቸው። ሕዋሶቹን «የኔ ልጆች፣ ተመቻችሁ?» ይላሉ። እኛን «በሩን ዝጋ! ጓንትህስ?» ምነው ሕዋስ ሆኜ በተፈጠርኩ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።

አንዴ ዳይሬክተራችን ለጎብኚዎች አንድ ሳህን አንስተው ስለ ሽፋኑ ድንቅነት ሃያ ደቂቃ ተናገሩ። እትዬ ከኋላ ቀስ ብለው፣ «ጌታዬ፣ እሱ ያልተቀባው ነው» አሉ።

«ልዩነቱ በዓይን አይታይም ለማለት ነው» አሉ ዳይሬክተራችን፣ ምንም ሳይደነግጡ። ይሳቁ ጌታዬ፣ ዛሬ ተፈቅዷል።

አሁን ግን የማያስቅ ነገር አለኝ። አምና ለሆስፒታል ሙከራ ያዘጋጀናቸው ብሎኖች በሙሉ ሽፋናቸው አልያዘም፤ ሕዋሶቹ እንደ አሮጌ ቀለም ተላጡ። ኮሚቴው አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ፣ አርባ ገጽ ጻፈ፣ «የቀቢዋ ስህተት ነው» አለ። የእትዬ ዕድገት በዚያው ቀረ። ፕሮቲኑ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ተበላሽቶ እንደሆነ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ወጥቶ ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዓርብ ጠረጴዛ ላይ ረስቼው ሄድኩ፤ ሰኞ ማንም ሳያየኝ መለስኩት።

የማቀዝቀዣውን ቁልፍ ማን እንደወሰደ የሚጻፍበትን፣ ኮሚቴው ያላየውን መዝገብ እትዬ አይተዋል። ልናገር ስል ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዘው፣ «ዝም በል። አንተ ልጆች ታሳድጋለህ፤ እኔ ጡረታ መውጫዬ ነው» አሉኝ። እኔም ፈሪ ነኝና ዝም አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው ዓመት ሙሉ አደረ። ጌታዬ፣ ይሄው ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ ያ ሪፖርት ይታረም።

አይነሱ እትዬ! ዛሬ የምንነሳው እኛ ነን። ብርጭቋችሁን አንሱ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ የልጅ ልጆች ይክበቡዎት። ቆይ፣ ማንም እንዳይጎነጭ! መጀመሪያ ይቅር ይበሉኝ።

ምን አሉ? ጮክ ይበሉ እትዬ፣ ኮሚቴውም ይስማ።

እግዜር ይስጥልኝ። በሉ፣ ለእትዬ!